መምህርን በምን እንመዝነው?

ሰሞኑን በማደሪያችን ስለ አንድ የልብ ወለድ መምህር ክርክር ተነሥቶ ነበር። በሃሪ ፖተር መጻሕፍት ውስጥ ስኔፕ የሚባለው የመድኃኒት ቅመማ አስተማሪ ሙያውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ነገር ግን የራሱን ወገን ልጆች እየደገፈ ሌሎቹን ያስጨንቃል። ገሚሱ «ዕውቀቱ ካለው ምን ጎደለው?» ሲል፣ ገሚሱ «የሚያዳላ ሰው መምህር አይባልም» አለ።

እኔ ግን ፍርዱን ፍለጋ ባሕር ማዶ መሻገር አያሻም ባይ ነኝ። በጉና ዙሪያ የቆሎ ተማሪ ይህን ጥያቄ በእግሩ ሲመልስ ኖሯል። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለተክሌ አቋቋም ደግሞ እዚሁ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ይመጣል። ቁራሽ እየለመነ አገር የሚያቋርጠው የመምህሩን ዝና ሰምቶ ነው። ዕውቀት የሌለው መምህር ጉባኤው ይበተንበታል።

ፍትሑም ቢሆን የተደበቀ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ጓደኞቹ ይሰማሉ። የባለጸጋው ልጅ ስሕተት ታልፎ የድኻው ቢነቀፍ ሁሉም ያውቀዋል። መምህሩ ሲያርም እሱም ይመዘናል። የቆሎ ትምህርት ቤት እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ አለንጋውን የቀመሰ ያውቀዋል። ዳሩ ግን ተማሪው ፈልጎ የሚሄደው ወደሚያርመው መምህር ነው።

በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ እየተስፋፋ በመጣው ዘመናዊ ትምህርት ግን ተማሪ መምህሩን መርጦ አይሄድም። የደረሰውን ይዞ ዓመቱን ይጨርሳል። ለእኛ ለዕጩ መምህራን የመመዘኛ ቅጽ የሚታደለንም ለዚህ ነው። ታዲያ ምን እናደርግበታለን? እውነቱን እንነጋገር እንጂ! «ማርክ ይሰጣል» ለተባለው ሙሉ ነጥብ፣ ቀይ እስክሪብቶ ለሚያበዛው ዝቅተኛውን። ይህ እኮ ምዘና ሳይሆን ብድር መመለስ ነው።

ዛሬ መምህሩን በእውነት መመዘን ያልለመደ ሰው ነገ ራሱን በምን ሊመዝን ነው? ፋርጣም ሆነ እስቴ፣ ስማዳም ሆነ ላይ ጋይንት ብንመደብ፣ ፊታችን የሚቀመጠው ሕፃን ጥሎን መሄድ አይችልም። ቅጽም አይሰጠውም። የማናውቀውን ብናስተምረው፣ ከጎረቤቱ አሳንሰን ብናየው፣ ዝም ይላል። ዝምታውን የብቃት ምስክር ወረቀት አድርገን እንዳንቆጥረው።

ከአንድ ዕጩ መምህር