የአያት ቤት መጋረጃ

በዓል ሲቃረብ እናቴ ቅቤና ቅመም ለመሸመት ሾላ ገበያ ወርዳ መጋረጃ ሳታይ አትመለስም። ባለፈው ፋሲካ የገዛችው ወፍራምና ባለ ገበር ስለነበር ከድሮው ስስ ጨርቅ ይከብዳል። ሊሰቅል የመጣው ልጅ ግድግዳውን እንደ ብሎኬት ቤት በድሪል በሳው፤ ፊሸር ከተተ፤ ብሎን አስሮ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ዘንጉ ቡጢ የሚያክል አፈር ይዞ አልጋው ላይ ወረደ። የሦስት ዓመቷ ልጄ ከዚያ አልጋ ተነስታ ወደ ጓሮ ከወጣች ሩብ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ «ይህ ግድግዳ አብቅቶለታል፤ ሕፃን እዚህ አይዋልም» አለ። እናቴ መልስ አልሰጠችም። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ልጃችንን የምትይዝልን እሷ ናት። የተነሳው ጉዳይ የመጋረጃ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

የሰፈራችንን ሽማግሌ አናጺ ጠራናቸው። ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ ሄዱና «ቤቱ ምን አደረገ? ብሎኑ የታሰረው ጭቃ ላይ ነው» አሉ።

እንደ እናቴ ቤት ያሉት የአዲስ አበባ ነባር ቤቶች የእንጨትና የጭቃ ናቸው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፤ ማገር ይመታበታል፤ ከዚያ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃው ነፋስና ብርድ ይከላከላል እንጂ ብሎን አይዝም። ፊሸር የሚጠብቀው ዙሪያው ጠንካራ ሲሆን ነው፤ የደረቀ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ግን አፈሩን እየፈጨ ጉድጓዱን ያሰፋዋል። ሸክሙን መስጠት ያለብን ለቋሚው ነው።

አናጺው ከመስኮቱ በላይ በቀጭን ሚስማር እየወጉ ቋሚዎቹን ፈለጉ። ጭቃ ላይ ሚስማሩ በቀላሉ ይሰምጥና አቧራ ያወጣል፤ እንጨት ሲያገኝ ይይዛል። አንዳንዱ ቋሚ በምስጥ ተበልቶ ስለሚሆን ጠንካራ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሦስት ደህና ቋሚዎች ካገኙ በኋላ ከመስኮቱ የሚረዝም ጣውላ አጋድመው በረጃጅም ብሎን ከሦስቱም ጋር አሰሩት። ደረቅ ባሕር ዛፍ እንዳይሰነጠቅ አስቀድመው በቀጭኑ በሱት። የዘንጉን መያዣዎች የመቱት ጣውላው ላይ ነው፤ ዘንጉ ረጅም ስለሆነ መሐሉ ላይም አንድ ጨመሩ።

የፈረሰውን ቦታ እኔ በሲሚንቶ እንድፈው ብል ከለከሉኝ። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋሃድም፤ ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። አቧራውን ጠርገው፣ ውሃ ረጭተው፣ ጭድ ባለው ጭቃ መረጉት። በመጨረሻ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ታች ሳቡት። ንቅንቅ አላለም።

ልጄ አሁንም ቀኗን አያቷ ዘንድ ታሳልፋለች። አልጋውን ግን ከመስኮቱ አራቅነው፤ የመጋረጃውን ማሰሪያ ገመድም አንገቷ ላይ እንዳይጠመጠም እጇ ከማይደርስበት ሰቀልነው።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ አያት ቤት የሚውሉ ከሆነ አንድ ቀን ጊዜ ወስዳችሁ የመጋረጃውን ዘንግ ሳብ አድርጋችሁ እዩት። ከሥሩ አፈር ከረገፈ ቋሚውን የሚያውቅ አናጺ ጥሩ። አያቶችም «ቤትሽ አርጅቷል» ከሚል ቃል ይልቅ አንድ ጣውላ ይዞ የሚመጣ ልጅ ደስ ይላቸዋል።