ዳቬይተን፦ ሁለት ትሪ ለአንድ ድግስ

ዳቬይተን ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ፣ ከቤኖኒ አጠገብ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በአፓርታይድ ዘመን፣ ለጥቁሮች ተለይታ የተሠራች ሰፈር ናት። በየመንገዱ «ስፓዛ» የሚባሉ ትንንሽ ሱቆች አሉ። አንዱ የአክስቴ ልጅ ሱቅ ነው።

ሴፕቴምበር 24 በደቡብ አፍሪካ የቅርስ ቀን ነው። ሰዉ በየግቢው ሥጋ ይጠብሳል፤ ይህንንም «ብራይ» ይሉታል። የአክስቴ ልጅ በዚህ ቀን ጎረቤቶቹን ይጋብዛል። እነሱ ቤከን በቺዝ ይወዳሉ። ቤከን ግን የአሳማ ሥጋ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አሳማ አይበሉም። ስለዚህ ሁለት ትሪ ይዘጋጃል፤ አንዱ በአሳማ፣ ሌላው በበሬ ቤከን።

አሠራሩ ቀላል ነው፦

1. የ6 ቁራጭ ዳቦ ጠርዝ ቁረጡ።
2. ቼዳር ቺዝ አድርጉበትና ጠቅልሉት። የእኛ አይብ አይቀልጥም፤ ለዚህ አይሆንም።
3. ለሁለት ቁረጡት፤ 12 ይሆናል።
4. እያንዳንዱን በቤከን ጠቅልላችሁ በስቴኪኒ ውጉት።
5. በ200 ዲግሪ ሙቀት 20 ደቂቃ ያህል ጋግሩ።

የበሬ ቤከን ስብ ስለሚያንሰው ቶሎ ይደርቃል፤ ቅቤ ቀቡት፣ ቀደም ብላችሁም አውጡት። ቢላዋውም ትሪውም ለየብቻ ይሁን። እንግዳ እንዳይሳሳት በበሬው ላይ የቃሪያ ቁራጭ ይሰካል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በጆሃንስበርግ ዙሪያ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ደርሶ ብዙ ሱቆች ተዘርፈዋል። ለባለሱቅ ጉርብትና ትልቅ ነገር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው እዚህም ይሠራል። በዚህ ግቢ ማንም የሌላውን ሳህን እያየ ባዶ እጁን አይቆምም።