ጆሮ ይዘራል ወይ?

ባለፈው ፋሲካ ዴራ ስደርስ ታናሽ ወንድሜ ከአዳማ ቀድሞኝ እናታችን ቤት ገብቷል። ቡናው ገና አልፈላም። ስልኩን አውጥቶ አንድ ጽሑፍ አሳየኝ።

«እቴቴ፣ ለእማዬ መድኃኒት ተገኘላት። ሳይንቲስቶች ከስቴም ሴል የጆሮ ህዋስ እያበቀሉ ነው።»

ውጭ አገር ወስዶ የሚያሳክም ደላላም አግኝቶ ነበር። የተጠየቀውን ገንዘብ ሲነግረኝ፣ ሁለቱ በሬዎችና የጓሮው መሬት አንድ ላይ ቢሸጡ እንኳ እንደማይሞላ ገባኝ። እሱ ግን «የጎደለውን እንበደራለን» አለ። እናቴ ስኒውን እያጠበች ስታዳምጠን ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ የባዮሎጂ አስተማሪ ነሽ። እውነት ነው ወይ ልጄ? ጆሮ እንደ ስንዴ ይዘራል ወይ?»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። እናቴ በ2005 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳ ለሁለተኛ ጊዜ ይዟት ነበር። በጊዜው ሕመሙ ለተመለሰበት ሰው ከሚዋጠው መድኃኒት ጋር ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ ለሁለት ወር በየቀኑ ይሰጥ ነበር። መርፌው ከሞት አተረፋት። ሳሉ ጠፋ፣ ሰውነቷም ተመለሰ። ነገር ግን ከአልጋ ስትነሳ መሬቱ እንደ ፍራሽ ይረግብባት ጀመር። ማታ ወደ ጓሮ ስትወጣ ትወድቃለች። ደም ማነስ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ግፊት ነው ተባለ።

ከሁሉ የከፋው የሰፈሩ ወሬ ነበር። «ኮራች፤ መንገድ ላይ ሰላምታ አትመልስም» አሏት። እሷ ደግሞ ስትራመድ የሰው ፊት ሁሉ እየዘለለባት ማን እንደሆነ መለየት አቅቷት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። አበደች እንዳይሏት ፈርታ ነው።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ አንድ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ አፍንጫውን እንድታይ ነግሮ ራሷን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈጠን አድርጎ አዞረው። ዓይኗ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ከዚያ ዘልሎ ሲደርስ እኔም አየሁት። «መስማትዎ ደህና ነው፤ የተጎዳው የጆሮዎ ሚዛን ነው» አላት።

የሰው ጆሮ ሁለት ሥራ አለው። በውስጠኛው ክፍል ከመስሚያው አጠገብ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎችና ሁለት ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በውስጣቸው አናታቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር ያላቸው ህዋሳት ተሰልፈዋል። ራሳችን ሲንቀሳቀስ ፀጉሩ ይታጠፋል፤ ህዋሱም ይህን በነርቭ በኩል ለአንጎል ይነግራል። ዓይናችን እየተራመድን የምናየውን ሳያዘልል የሚይዘው በዚህ መልእክት ነው። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን የሚገኙበት የመድኃኒት ወገን እነዚህን ህዋሳት ሊገድል ይችላል። በሰው ጆሮ ደግሞ የሞተው በሚበቃ መጠን አይተካም።

ለእናቴ ይህን ሳስረዳ ጓሮ የምትጭረውን ዶሮ አሳየኋት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች የዶሮ ጆሮ ህዋሶቹ ሲሞቱ መልሶ እንደሚያበቅል ደርሰውበታል።

«እሷ የምትችለውን እኔ ያቃተኝ?» ብላ ሳቀች።

ሳይንቲስቶቹንም ያነሳሳቸው ይኸው ጥያቄ ነው። ስቴም ሴል ማለት ገና ሥራ ያልተመደበለት፣ ቆዳም ነርቭም ሊሆን የሚችል ህዋስ ነው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥን፣ በ2007 የሰውን የበሰለ ህዋስ ወደዚያ ሁኔታ መመለስ እንደሚቻል አሳይቶ በ2012 ኖቤል ተሸልሟል። በ2013 ደግሞ በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ካርል ኮህለርና ኤሪ ሃሺኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከአይጥ ስቴም ሴል የውስጥ ጆሮ ህዋሳትን በላብራቶሪ አበቀሉ። የበቀሉት ህዋሳት ይበልጥ የሚመስሉት የሚዛኑን ነው። በ2017 በሰው ስቴም ሴልም ተሳካላቸው።

«እንግዲያው እውነት ነዋ!» አለ ወንድሜ።

«መብቀሉ እውነት ነው፤ መትከሉ ነው የቀረው» አልኩት። ላብራቶሪ ውስጥ የበቀለው ህዋስ በጠንካራ አጥንት ወደተከበበው ጆሮ መግባት፣ ቦታውን መያዝ፣ ፀጉሩን በትክክለኛው አቅጣጫ ማሰለፍና ከነርቭ ጋር መገናኘት አለበት። ዕጢ ሆኖ እንዳያድግም መረጋገጥ አለበት። እስካሁን በዚህ መንገድ ሚዛንን የሚመልስ የተፈቀደ ሕክምና የለም። ላብራቶሪ የበቀለው ጆሮ ለጊዜው የሚጠቅመው በሽታውን ለማጥናትና መድኃኒት ለመሞከር ነው። ደላላው የሚሸጠው ገና ያልደረሰ እህል ነበር።

ወንድሜ አኮረፈ። «ተስፋዋን ገደልሽባት» አለኝ። እኔም ፈራሁ። እናቴ ግን ስኒዋን አስቀምጣ፣ «በሬዎቹ አይሸጡም። ለልጅ ልጆቼ ይደርስ ይሆናል። ለእኔ ዛሬ ምን አለ?» አለች።

ዛሬ ያለው ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በዓይኑና በእግሩም ጭምር ነው። ስለዚህ ወንድሜ ከመኝታዋ እስከ ጓሮ መብራት ዘረጋ። ምንጣፉን አነሳን፤ ከዘራ ገዛንላት። ሐኪሙ ያሳያትን እንቅስቃሴም እንደገና ጀመረች። ግድግዳ ላይ የለጠፍነውን ፊደል እያየች ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታዞራለች፤ አጠገቧም ሰው ይቆማል። የሞተውን ህዋስ አያስነሳም፤ አንጎል ግን ባለው እንዲጠቀም ያሠለጥናል።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት ስትሬፕቶማይሲን ያለበትን ያንን የድጋሚ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲቀር መክሯል። ጄንታማይሲን ግን ዛሬም የብዙ ጨቅላዎችን ሕይወት ያድናል፤ ሲታዘዝ እንቢ አትበሉ። ይልቅ በቤተሰቡ፣ በተለይ በእናት ወገን፣ ከመርፌ በኋላ መስማት የተሳነው ወይም ሚዛኑን ያጣ ሰው ካለ፣ ወይም ታማሚው የኩላሊት ችግር ካለበት አስቀድማችሁ ለባለሙያው ንገሩ። ከመርፌው በኋላም መንገዳገድ ወይም የጆሮ ጩኸት ከመጣ ዕለቱን ንገሩ። እኛ ሳንናገር ወራት አለፉ።

ከመመለሴ በፊት ጎረቤቶችን ቡና ጠርተን ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። አንዲት ባልቴት አንገታቸውን ደፍተው፣ «እኛ እኮ ኮራች ብለን ነበር» አሉ። አሁን መንገድ ላይ ሲያገኟት ከሩቅ ስማቸውን እየጠሩ ሰላም ይሏታል። እሷም ቆም ትላለች። ስትቆም የሰው ፊት መዝለሉን ይተዋል፤ ያን ጊዜ አይታ፣ ለይታ፣ አንድ በአንድ ትስማቸዋለች።