ቤቱ እስኪሸጥ
ዲላ ያለውን የቤተሰብ ቤት ለሽያጭ ካወጣነው ስምንት ወር ሆነው። የምንነግደው ሞያሌ ስለሆነ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልባችን ደላላው ዘንድ ይሮጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን ጭንቀቱ ባሰ፤ ቤቱን የምንሸጠው በብር፣ ዕቃ የምናመጣው በሽልንግ ነው። በቆየ ቁጥር የሱቁ መነሻ ያንሳል።

ተመካክረን ሦስት ነገር ቆረጥን። ደላላው ጋ ቅዳሜ ብቻ እንደውላለን። የመጨረሻ ዋጋችንን በየወሩ በሽልንግ እናሰላለን። ቀብድ እጃችን ሳይገባ በቤቱ ተስፋ ዱቤ አንወስድም።

ገዢ እስካሁን አልመጣም፤ እንቅልፋችን ግን ተመልሷል። ልጆቹም እራት ላይ «ተሸጠ ወይ?» ማለት ትተዋል። እንደኛ የምትጠብቁ ካላችሁ ከቀብዱ ጀምሩ።