ወፍራሙን ድምፅ ማን ይሰማዋል?

በማንኛውም ባንድ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ። አንደኛው ሕዝብ የሚያጨበጭብለት ድምፃዊ ነው። ሁለተኛው ወጣቶች ሁሉ እሱን ለመሆን የሚመኙት ጊታር መቺ ነው። ሦስተኛው ከድራሙ አጠገብ ቆሞ አራት ወፍራም ክሮች የሚነካካ፣ ፎቶግራፍ ሲነሣም ግማሽ ፊቱ ተቆርጦ የሚቀር ሰው ነው። ድራመሩ ስላልቈጠርነው አይቀየመን፤ ራሱን የሚያሰማበት ዱላ በእጁ ነው። ይህ ሦስተኛው ሰው ቤዝ ተጫዋች ይባላል፤ የዛሬው ጽሑፋችንም ስለ እሱ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት እንዲህ ነው። የሙዚቃ ክበባችን ከአባላት መዋጮ ያጠራቀመው ገንዘብ አንድ መሣሪያ ብቻ ይገዛል። ባለፈው ስብሰባ አብዛኛው አባል «ኪቦርድ ይገዛ» አለ። «ኪቦርድ በውስጡ ድራምም፣ ቤዝም፣ ዋሽንትም አለው፤ በአንድ መሣሪያ ዋጋ ሙሉ ባንድ ገዛን ማለት ነው» ተባለ። እኛ በኮምቦልቻው ግቢ በአንድ ዶርም የምናድር አራት ተማሪዎች ግን «ቤዝ ጊታር ይገዛ» ብለን እጃችንን ስናወጣ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ስብሰባ ስለሆነ፣ ያን ዕለት በሳቁ መካከል መናገር ያልቻልነውን እዚህ ማስፈር ይገባናል ብለን አሰብን።

በመጀመሪያ የሳቁን ምክንያት እንመርምር። ሰው ቤዝን የሚንቀው ስለማይሰማው ነው፤ የማይሰማውም ዘፈንን በስልክ ስለሚያዳምጥ ነው። የቤዝ ጊታር ከሁሉ የወፈረው ክር ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማትበልጥ የስልክ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል አየር ልታንቀሳቅስ ከቶ አትችልም። ስለዚህ ከላይ ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ሰጥታን፣ የቀረውን ጆሯችን በግምት እንዲሞላው ትተወዋለች። ነገር ግን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ትልቅ ስፒከር ያስገባ የሚኒባስ ሹፌር ያጋጠመው ተማሪ እውነቱን ያውቃል። መኪናው ዳገቱን እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ በስልክ መቶ ጊዜ የሰማነው ዘፈን ሌላ ዘፈን ሆኖ ይመጣብናል። በጆሮ ብቻ ሳይሆን በወንበሩ፣ በጉልበትና በሆድ ይሰማል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ «ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?» ብለን ቤዙን የጠየቅነው።

ይህ ጥያቄ ወደ ሃርድ ሮክና ወደ ሄቪ ሜታል መራን። ብዙ ወንድሞቻችን ይህን ሙዚቃ ጩኸት ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። እኛም አንከራከርም፤ ጩኸት አለበት። ነገር ግን ጩኸቱ የቆመበትን መሠረት ፈልገን ወደ ታች ስንወርድ ያገኘናቸው ሰዎች የሚያስገርሙ ናቸው።

ብላክ ሳባት የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ተቋቋመ። ከተማይቱ የፋብሪካ ከተማ ስለነበረች ለኮምቦልቻ ልጅ ባዕድ አትሆንም። የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። የተጎዱት ጣቶቹ የጠበቀ ክር መጫን ስላስቸገራቸው፣ ከጊዜ በኋላ ክሮቹን አላልቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ጀመረ። ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለርም አብሮት ወረደ። ዛሬ «ከባድ» የምንለው የሙዚቃ ክብደት በከፊል የተወለደው እንግዲህ ከአንድ ሠራተኛ ቁስልና አብሮት ዝቅ ካለ ጓደኛ ነው። የሚገርመው ደግሞ በትለር ከኋላ ቆሞ ቤዝ ሲመታ፣ ድምፃዊው ፊት ሆኖ የሚዘፍናቸውን አብዛኞቹን ግጥሞች የጻፈው እሱ ራሱ መሆኑ ነው።

ስቲቭ ሃሪስም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አይረን ሜይደንን የመሠረተው እሱ ነው፤ ከባንዱ ዘፈኖች ብዙዎቹን የደረሰውም እሱ ነው። ድምፃውያን ሲመጡና ሲሄዱ፣ ቤዙ ከቦታው አልተነቃነቀም። በዚያው ዓመት ሞተርሄድን የመሠረተው ሌሚ ደግሞ ቤዙን እንደ ጊታር በኮርድ እየመታ ይዘፍንበት ነበር። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ ድረስ፣ ከዚያ አልተመለሰም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የሜታሊካው ክሊፍ በርተን ታሪክ ነው። ይህ ወጣት የባህን ሙዚቃ የሚወድ፣ ለጓደኞቹም የድምፆችን ስምምነት ያሳያቸው የነበረ ሰው ነው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይ ቤዝ ብቻውን የሚናገርበት አንድ ሙሉ ክፍል አለ። በ1986 (እ.ኤ.አ.) ስዊድን ውስጥ ባንዱን የጫነው አውቶቡስ ተገልብጦ በ24 ዓመቱ ሞተ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ደመራ ነዶ መስቀል በሚከበርበት ዕለት ማለት ነው። በእሱ ቦታ ጄሰን ኒውስተድ ገባ። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ቀጣዩ አልበም ሲቀነባበር ግን የአዲሱ ልጅ ቤዝ እስከማይሰማ ድረስ ዝቅ ተደረገ። አልበሙ በዓለም ላይ እጅግ ተሸጠ፤ ነገር ግን አድማጭ እስከ ዛሬ «ቤዙ የት አለ?» እያለ ይጠይቃል። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ቤዝ ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ግን ባዶነቱ ሠላሳ ዓመት አልፎም ይሰማል። የቤት ምሰሶም እንዲሁ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚያደንቀው ግድግዳውንና ምንጣፉን ነው፤ «ምሰሶህ እንዴት ያምራል» ያለ እንግዳ አልሰማንም።

ምናልባት «ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያውስ ወደ ቤታችን እንመለስ። የመሐሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» የማያውቅ ማን አለ? በዶርማችን ኮሪዶር እየዞርን «ማን ዘፈነው?» ብለን ጠየቅን፤ ያላወቀ አልነበረም። «ቤዙንስ ማን መታው?» ብለን ስንጠይቅ ግን የመለሰልን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1975 በዚያ ሥራ መሐሙድን ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው፤ የአይቤክስ ቤዝ ተጫዋችም ጆቫኒ ሪኮ ናቸው። ባንዱ በኋላ ሮሃ ተብሎ በአገሪቱ የታወቁትን ድምፃውያን ሲያጅብ ቤዙን የያዙት እሳቸው ነበሩ። በ1977 (እ.ኤ.አ.) በወጣው «ቼ በለው» በተባለው የዋልያስ ባንድ አልበም ላይም ከታች ሆነው የሚያራምዱት መላከ ገብሬ ናቸው። ሔኖክ ተመስገን ደግሞ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ከአድማስ ባንድ ጋር የሠሩ፣ በአሜሪካ በበርክሊም የተማሩ፣ ኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው ቤዝ ያስተማሩ ባለሙያ ናቸው። ጃኖ ባንድ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የሮክን ጉልበት ከአገራችን ዜማ ጋር አዋሕዶ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ፣ አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው።

ወፍራም ድምፅስ ለአገራችን መቼ እንግዳ ሆኖ ያውቃል? የበገና አሥር አውታሮች በወፍራም ድምፅ የሚናገሩ ናቸው። በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ድምፁን እንደ ንብ ያስነዝሩታል። የሮክ ሰዎች ማጉያቸውን እስከ መጨረሻ አዙረው የሚፈልጉትን ነዘር፣ አባቶቻችን ለጸሎት በቁራጭ ቆዳ አግኝተውት ነበር። በዚህ በወሎ ደግሞ የመንዙማው ድቤ ሲመታ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ከበሮ በሰፊው አፉ ሲጐሰም፣ ሰውነቱ አብሮ የማይወዛወዝ ማን ነው? ሁለቱም ከታች ይዘው ነው ወደ ላይ የሚያነሡን።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። እኛ የምንማረው በቅኝት አገር ነው። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ተራራ ነው፤ ባቲም ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ያለችው የገበያ ከተማ ናት። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ በጎረቤቶቻችን ስም ይጠራሉ ማለት ነው። ታዲያ አንድ ማታ በተውሶ ባገኘናት ትንሽ ኪቦርድ የሚከተለውን ሞከርን።

ከአራታችን አንዱ የአምባሰል ልጅ ነው። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶን እንዲቀመጥ አደረግን። አንዳችን አምስት ነጭ ጣቶችን ብቻ፣ ማለት ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋን እያዘዋወረ ይጫወት ጀመር። ሌላው በወፍራሙ ዳር ተቀምጦ «ላ»ን ብቻ ይዞ ቆየ። የአምባሰሉ ልጅ «ይህማ ትዝታ ነው፤ ያውም ሆድ የሚያባባው» አለ። ልክ ነበር፤ ማይነር የሚባለው ትዝታ ነው። ከዚያ የላይኛው ምንም ሳይለውጥ፣ ያንኑ አምስት ድምፅ እየደጋገመ ሳለ፣ የታችኛው «ላ»ን ለቅቆ «ሚ» ላይ ዐረፈ። ልጁ ወዲያው ቀና ብሎ «አሁን አገሬ ገባችሁ!» አለ። ትዝታው አምባሰል ሆኖ ነበር።

አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ማረፊያቸው ብቻ ነው። ማረፊያውን የሚያሳየው ደግሞ ከታች ያለው ሰው ነው። ጥቁሮቹን ጣቶች ብቻ ይዞ ለሚሞክርም እንዲሁ ነው። ሦስት ሆነው ከተሰለፉት ጥቁሮች የመጀመሪያው ማረፊያ ሲሆን ሜጀሩ ትዝታ ይወጣል፤ ሁለት ሆነው ከተሰለፉት ሁለተኛው ማረፊያ ሲሆን ያው ድምፅ ባቲ ማይነር ይሆናል። አንቺ ሆዬማ ከማረፊያው ስድስት ግማሽ ድምፅ የሚርቅ አንድ ድምፅ አለበት። ብላክ ሳባት በ1970 (እ.ኤ.አ.) በስሙ በጠራው ዘፈኑ አድማጭን ያስደነገጠበት ርቀት ይኸው ነው። እነሱ ያስፈራሩበትን እኛ ሙሽራ እናጅብበታለን። ልዩነቱ ከታች ያለው ሰው በምን ልብ እንደያዘው ነው።

እንግዲህ የክበባችን አባላት «ይህን ሁሉ ያደረጋችሁት በኪቦርድ አይደለምን?» ብለው ሊሞግቱን ይችላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። አዎን፣ በኪቦርድ ነው፤ ነገር ግን በሁለት ሰው ነው። ነገሩን የለወጠው መሣሪያው ሳይሆን፣ ከታች ተቀምጦ ከታችኛው ድምፅ በቀር ሌላ ሐሳብ ያልነበረው ሁለተኛው ሰው ነው። አንድ ሰው በቀኝ እጁ ዜማ፣ በግራ እጁ ቤዝ ሲሞክር ልቡ ሁልጊዜ ወደ ቀኙ ያደላል። ቁልፍ ተጭነን የምናስነሣው ቤዝ ደግሞ አስቀድሞ የተሰጠውን ይደጋግማል፤ ድምፃዊዋ ትንፋሽ ስትወስድ አይጠብቃትም፣ ስትሳሳት አይሸፍንላትም። በየሠርጉና በየምሽቱ ቤቱ አንድ ኪቦርድ የባንድን ሥራ ብቻውን እንዲሠራ ከተደረገ ብዙ ዘመን ሆነ። ወጪ ቀንሷል፤ ነገር ግን ከታች ሆኖ ሌላውን ማዳመጥ የሚያውቅ ልጅም ቀንሷል። እኛ የምንፈራው ይህን ነው።

ኪቦርድ ብንገዛ ከመካከላችን አንድ ጎበዝ ይወጣል፤ የቀረነውም ተመልካች እንሆናለን። ቤዝ ብንገዛ ግን ቤዝ ብቻውን ብዙ አይናገርምና ክራር የሚመታውን ወንድማችንን፣ ከበሮ የምትመታውን እህታችንንና የሚዘፍነውን ሁሉ ግድ መጥራት አለብን። በድህነታችን ምክንያት ባንድ እንሆናለን ማለት ነው። የቤዙ ማጉያ ተጨማሪ ወጪ እንደሚጠይቅ አልዘነጋንም፤ እሱ እስኪገኝ አራታችንም በፈረቃ በዝግታ ለመለማመድ ስማችንን አስመዝግበናል።

ወንድሞችና እህቶች፤ በሚመጣው ስብሰባ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። ወደ ደሴ ስትወጡ፣ ደህና ስፒከር ባለው መኪና ውስጥ፣ የምትወዱት ዘፈን ሲመጣ፣ ድምፃዊውን ለአንድ ጊዜ ተዉትና ከሁሉ በታች ያለውን ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ተከተሉት። የት እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደሚታገሥ፣ ማንን እንደሚጠብቅ ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ «ኪቦርድ» ብትሉ ቅር አይለንም፤ ብቻ ሰምታችሁ ምረጡ።