የፈረስ ውለታ በእንጅባራ ሜዳ

አንባቢ ሆይ፤ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ዳንግላን አልፈው እንጅባራ የሚደርሱት ጥር 23 ቀን ከሆነ፥ መንገድዎን ለአንድ ቀን ያቆዩት። አገሩ ደጋ፥ ሜዳውም ነፋሻ ነውና ጋቢ አይርሱ።

ዕለቱ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፥ ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ፥ ኋላም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከሰው ጋራ የዘመተውን ፈረስ ያስቡበታል።

ጋላቢዎቹ ሲሽቀዳደሙ ነፋሱ ትቢያውን ከተመልካቹ ፊት ላይ ይበትነዋል፤ ከቦታው የሚነቃነቅ ግን የለም። ያ ያጌጠ ፈረስ በማግስቱ ጭነት ይጭናል፥ እርሻም ያርሳል። መኪና በበዛበት ዘመን የፈረስ ውለታ የሚቆየው ወጣቱ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ነው። ልጅ ካለዎት ይዘውት ይሂዱ፤ ታሪኩን ከመጽሐፍ ሳያነብ በፊት ኮቴውን ይስማ።