የጣት ልክና የልብ ፈቃድ

ቀለበት ትንሽ ጌጥ ነው። ክብደቱ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ነገር ግን የሁለት ሰዎችን ቃል ይይዛል። ስለዚህ ለሚያጫት ልጅ ቀለበት የሚያሠራ ሰው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛው የጣቷ ልክ ነው። ሁለተኛው የልቧ ፈቃድ ነው። የጣት ልክ በዘዴ፣ በምስጢርም ቢሆን ይገኛል። የልብ ፈቃድ ግን ፊት ለፊት ይጠየቃል። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

እናቴ የተወለደችው በዋግ ምድር፣ ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የተዳረችው ገና የወተት ጥርሷ ነቅሎ ሳያልቅ ነበር። ሽማግሌ መጣ። አባቷ እሺ አሉ። ድግስ ተደገሰ። እሷን የጠየቃት ሰው የለም። «እኔማ የሌላ ሰው ሠርግ መስሎኝ ከልጆች ጋር እጨፍር ነበር» ትላለች። ከጥሎሹ ጋር የብር ቀለበት መጣላት። አንጥረኛው የሠራው በልጅነት ጣቷ ልክ ነው።

የልጅ ጣት ያድጋል፤ ቀለበት አያድግም። ጥቂት ክረምት እንዳለፈ ቀለበቱ ጠበባት። ጣቷም አበጠ። አያቴ ቅቤ ቀብተው፣ እያሹ በስንት መከራ አወለቁላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቀለበቷን በማተቧ ላይ አስራ በአንገቷ ያዘቻት። ዛሬ በትንሿ ጣቷ እንኳ አትገባም።

ይህ የእናቴ ታሪክ ብቻ አይደለም። በአገራችን ብዙ እናቶች እንዲህ ተድረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በገጠር ግን ይህም ዕድሜ አይጠበቅም ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት አዘዘ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ይህንኑ አጸና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ቅጣት አለው። ዕድሜዋ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት ይፈረድበታል። 13 ዓመት ሞልቷት 18 ያልደረሰችውን ያገባም እስከ 3 ዓመት ይታሠራል።

እኔ የማግባት ተራዬ ሲደርስ ዕድሜዋ 20 የሆነች ልጅ አሰብኩ። ልጅቱ ትምህርቷን የምትከታተለው ሰቆጣ ከተማ ነበር። ነገሩን ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ሽማግሌ እንልካለን። አንተ ዝም በል» አሉኝ።

«ሽማግሌው ይሂድ አባባ። መጀመሪያ ግን እሷን ልጠይቃት» አልኳቸው።

«ሴት ልጅ ትጠየቃለች እንዴ? አባቷ አሉ አይደለም ወይ?» ብለው ተቆጡ።

አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። እናቴ በእንዲህ ያለ ነገር ገብታ አታውቅም። በሳምንቱ ማታ፣ እራት ከቀረበ በኋላ፣ ማተቧን ፈታች። ያችን ትንሽ ቀለበት አውጥታ አባቴ ፊት አስቀመጠቻት።

«ይችን ያመጡልኝ ጊዜ ማን ጠየቀኝ?» አለቻቸው።

አባቴ ቀለበቷን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። በትልቁ ጣታቸው ጫፍ ላይ ሊያደርጓት ሞከሩ። አልገባችም። ከዚያ መልሰው ሰጧት። ወደ እኔም ዞረው፣ «እንግዲያ ጠይቃት» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

በበነጋው ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኋት። ነገሬን ሳላስረዝም ተናገርኩ።

«ሽማግሌ ልልክ አስቤአለሁ። አንቺ ካልፈለግሽ ግን አልልክም።»

ጥቂት ዝም ብላ ሄደች። ከዚያ ቆመችና፣ «ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም። ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። የምትጠብቀኝ ከሆነ ላክ። የማትጠብቀኝ ከሆነ አትላክ» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ጓደኞቼ «ሌላ ሰው ይቀድምሃል» እያሉ ይነዘንዙኝ ነበር። ዘመድም «የተማረች ሴት እርሻ ቤት አትገባም» እያለ ያስፈራራኝ ነበር። እኔ ግን ቃሏን ሰምቼአለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ? ጠበቅሁ። እሷም ትምህርቷን ጨረሰች። ሽማግሌ ተላከ፤ የቀለበት ቀን ተቆረጠ።

ምስጢሩ የመጣው እንግዲህ አሁን ነው። ፈቃዷን ካገኘሁ በኋላ ቀለበቱን ሳትሰማ አሠርቼ ላስደስታት ፈለግሁ። ግን የጣቷን ልክ አላውቅም። ቀለበት አድርጋ አታውቅም። ስለዚህ ታናሽ እኅቷን አማከርኳት። ትንሿ ልጅ ብልህ ናት። «ለእታለም አልነግርባትም» ብላ ማለችልኝ።

ልጅቱ ከደብተሯ ላይ ቀጫጭን ወረቀት ቆረጠች። በየወረቀቱ ላይ ስም እየጻፈች እንደ ቀለበት በጣት መጠቅለል ጀመረች። አንዱን በራሷ ጣት፣ አንዱን በጓደኛዋ ጣት፣ አንዱን በእኅቷ ጣት አደረገች። እኅቷ የልጅ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። የወረቀቱ ጫፍ የደረሰበት ቦታ ምልክት ተደረገበት። ወረቀቱ እኔ ዘንድ መጣ።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ልክ መውሰድ ቢፈልጉ እንዲህ ያድርጉ።

1. ግማሽ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ይቁረጡ። በፈትል አይለኩ። ፈትል ሲሳብ ይረዝማል።

2. ወረቀቱን በቀለበት ጣት ሥር ይጠቅልሉ። በጣም አያጥብቁት። ጫፉ የደረሰበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ።

3. ወረቀቱን ዘርግተው በማስመሪያ ይለኩ። ቁጥሩን በሚሊ ሜትር ይጻፉ። 10 ሚሊ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ነው።

4. ሁለት ጊዜ ይለኩ። በጠዋት ብርድ ጣት ይቀጥናል። በሙቀትና ከሥራ በኋላ ደግሞ ያብጣል።

5. የጣቱን አንጓ ይመልከቱ። እጃቸው ሥራ የለመደ ሰዎች አንጓቸው ወፍራም ሊሆን ይችላል። ቀለበቱ በአንጓው ማለፍ አለበት።

ልጅቱ በጣቷ የምታደርገው ቀለበት ካላት ሥራው ይቀላል። ቀለበቱን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ውስጡን በእርሳስ ያክብቡት። የክቡን ስፋት በመሃል ለክተው በ3.14 ያባዙ። ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 53 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል።

የእኔ ወረቀት በጠዋት 53፣ በማታ 55 ሚሊ ሜትር ሆነ። መካከሉን 54 ያዝኩ። ማስመሪያ ማንበብና ቁጥር መጻፍ ባልማር ኖሮ ይህን ከየት አመጣው ነበር?

አያቴ ያስቀመጡት አንድ የማርትሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ይህ ብር በመላ አገራችን ይገበያዩበት የነበረ የኦስትሪያ ገንዘብ ነው። ቆይቶ የተሠራውም ቢሆን በላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የድሮ አንጥረኞች ጌጥ የሚሠሩት ይህንኑ እያቀለጡ ነበር።

ብሩንና ወረቀቱን ይዤ ወደ አንጥረኛው ሄድኩ። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ሳቁ።

«ሰው የሚመጣው ‹ቀጭን ልጅ ናት፣ ወፍራም ልጅ ናት› እያለ ነው። አንተ ቁጥር ይዘህ መጣህ ልጄ» አሉኝ።

አንድ ነገርም አስተማሩኝ። ብሩ ውፍረት አለው። ቀለበቱ በውስጥ በኩል 54 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የሚጠቀለለው ብር ከዚያ መርዘም አለበት። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርዝመቱ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን የማያውቅ ጠባብ ቀለበት ይሠራል።

ከቀለበቱ የተረፈ ብር ነበር። እናቴን፣ «ያንቺንም እናስፋው፤ ተቆርጦ ብር ይጨመርበታል» አልኳት።

«ተወው ልጄ» አለችኝ። «ትንሽነቱን ልጆቻችሁ ይዩት።»

በቀለበቱ ቀን ዘመድና ጎረቤት ተሰበሰበ። ቀለበቱን ሳወጣ እጮኛዬ ደነገጠች። ጣቷ ላይ ሳደርገው አንጓዋን አልፎ ልክ ገባ። ዞራ ታናሽ እኅቷን አየቻት። ትንሿ ልጅ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ የጣት ልክ ብትደብቁ ደስታ ይሆናል። ፈቃድ ሳትጠይቁ ብትቀሩ ግን የሰው ዕድሜ ይባክናል። እንግዲህ መጀመሪያ ጠይቁ። «አይሆንም» ካለች ተመለሱ። «ጠብቀኝ» ካለች ጠብቁ። «እሺ» ካለች ያን ጊዜ ወረቀትና ማስመሪያ አንሡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ልጅቱ ራሷ ሳትጠየቅ የተደረገ ጋብቻ ታውቃላችሁ? ምን አስከተለ?

2. በሕጉ የጋብቻ ዕድሜ ስንት ነው?

3. አንድ ጣት በጠዋት 56፣ በማታ 58 ሚሊ ሜትር ቢሆን መካከሉ ስንት ነው?